አምስተኛው ረከዓ

ስሟን ባልጠራው ቅር የማይላት አንዲት የቆየች ከተማ ነበረች። አጥሯ ፈርሷል፤ ከበሮቿም የቀረው ስማቸው ብቻ ነው፤ ገበያዋ ግን በየሳምንቱ ሰው እስኪጋፋ ይሞላል። የታችኛው ሰፈሯ ከጥንት ጀምሮ የሸማኔዎች ነበር። እዚያ ሰፈር ሸህ ጦይብ የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ቀን ቀን እንደ ጎረቤቶቻቸው የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰደው መወርወሪያ ሲወረውሩ ይውላሉ፤ አዛን ሲባል ደግሞ ተጣጥበው ዉዱእ አድርገው የሰፈሩን ትንሽ መስጂድ ጀመዓ፣ የተሰበሰበውን ሰጋጅ፣ ያሰግዳሉ።

የደግ ሰው ወሬ ሲጀመር አንዳንዱ ሰሚ ገና ከመግቢያው ማንቀላፋት እንደሚወድ አውቃለሁ። አይፈረድበትም፤ ደግ ሰው ደግ ነገር ሠራ ቢባል ምኑ ይገርማል? ስለዚህ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይህ ወሬ ሸህ ጦይብ ስለተሳሳቱት ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ የጀመረው ከደግነታቸው ነው።

አንድ ዓመት ጥጥ ጠፋ። የተገኘውም እሳት ሆነ፤ የሚቀርበው ሰው አልነበረም። የዚያን ጊዜ ይመር የሚባለው ጎረቤታቸው መጥቶ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አለ። ይመር በመስጂዱ አዛን የሚያሰማው ሙአዚን ነው። ሁለቱ ልጆች ሳሉ በአንድ ሉሕ፣ በአንድ የእንጨት ሰሌዳ፣ ቁርኣን የተማሩ፣ አብረው ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው።

«ሸህዬ፣ ጥጥ መግዣ አጣሁ» አለ ይመር። «የሽመና ዕቃዬን ግዛኝና እንደ ቀን ሠራተኛ አሠራኝ።»

«ምን ሆነሃል? ጥጡን ላበድርህ እንጂ!»

«በምን እመልሰዋለሁ? ዕዳ ተሸክሜ ከሰጋጁ ረድፍ፣ ሶፍ ላይ መቆም አልወድም። የምትወደኝ ከሆነ ግዛኝ።»

ሸህ ጦይብ አንጀታቸው አልቻለም። ዕቃውን ከገበያው ዋጋ አስበልጠው ገዙት፤ ይመርም እዚያው ቤቱ ተቀምጦ የእሳቸውን ጥጥ እየሸመነ ደመወዝ ይቀበል ጀመር። ይህን የሰማ ሌላው ጎረቤት መጣ። ከዚያ ሌላው። ሸህ ጦይብ ማንንም «ሂድ» አላሉም፤ አራጣ አልነካቸውም፤ የሁሉንም ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ ይከፍሉ ነበር። ማታ ሲተኙም «አልሐምዱሊላህ፣ ስንቱን ቤት ሰበብ ሆኜ አተረፍኩ» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ አትርፈዋል።

በሁለተኛው ዓመት ሐጂ በድሩ የሚባል ነጋዴ ከባሕር ዳርቻ መጣ። ኩታቸውን በእጁ ዳበሰ፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ አየ፣ «ማሻአላህ!» አለና ያለውን ሁሉ ገዝቶ ሄደ። በዓመቱ ሲመለስ እጥፉን ጠየቀ። በአራተኛው ዓመት ደግሞ የእጥፉን እጥፍ። ሐጂ በድሩ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ እጁ የተፈታ ሰው ነበር፤ የመስጂዱን ያረጀ ሰሌን ሁሉ የቀየረው እሱ ነው። አንድ አመል ብቻ ነበረው፤ ትናንት የበቃው ዛሬ አይበቃውም።

የሸህ ጦይብ ልጅ ኑርሑሴን ደግሞ ለንግድ የተፈጠረ ጎልማሳ ነበር። ጥጡን ከሩቅ አገር በርካሽ ያስመጣል፣ ፈታይ ሴቶችን ያደራጃል፣ ሥራው የቱ ጋ እንደተጓተተ በዓይኑ አይቶ ያውቃል። በጥቂት ዓመት ውስጥ በዚያ ሰፈር የሸህ ጦይብ ያልሆነ የሽመና ዕቃ ጠፋ። ቀድሞ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጥለት ነበረው፤ ሰው ኩታ ለብሶ ሲያልፍ ከሩቅ አይተው «ይህ የእነ እገሌ እጅ ነው» ይሉ ነበር። ሐጂ በድሩ ግን በባሕር ማዶ የሚወደደው አንዱ ቀዩ ጥለት ብቻ ነው ስላለ፣ ሁሉም ያንኑ ይሸምን ጀመር። ማንም አላጉረመረመም። ሆዱ የጠገበ ሰው ስለ ጥለት ሲያጉረመርም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው ትሉኝ ይሆናል። ሸህ ጦይብም ይህንኑ ራሳቸውን ይጠይቁ ነበር። ዘካቸውን በጊዜው ያወጣሉ። ገንዘባቸው ሐላል ነው። ግን የሆነ ነገር ይጎረብጣቸዋል፤ ምን እንደሆነ ደግሞ አያውቁትም።

ለምሳሌ ጨዋታቸው። ሸህ ጦይብ ብዙ ነገር ይችሉ ነበር፤ ቀልድ ግን አይችሉም። ድሮ አንድ ቀልድ ጀምረው ሲጨርሱ ይመር «ሸህዬ፣ ይሄ እንኳ ጨው የለውም፤ ተወው በአላህ» ይላቸውና በቀልዱ ሳይሆን በይመር አባባል ይሳቃል። አሁን ስለ አንዲት ግትር በቅሎ መጨረሻው እንኳ የማይታወቅ ወሬ ሲያወሩ፣ ሰዉ ሁሉ ሆዱን ይዞ ይንፈቀፈቃል። ይመርም አብሮ ይስቃል። ሸህ ጦይብ መጀመሪያ ቀልዱ የተዋጣላቸው መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ኋላ ግን ጠረጠሩ። ይመር ደግሞ መቼ እንደጀመረው ሳያስተውሉት «አንተ» ማለቱን ትቶ «እርስዎ» ይላቸው ጀመር። አንድ ቀን «ምን ነካህ?» ቢሉት፣ «ትልቅ ሰው ሆነዋል እኮ፣ ሰው ይታዘበኛል» አላቸው። ሳቁ፤ ግን ደስ አላላቸውም።

እንዲህ እያለ ሐጂ በድሩ ትልቁን ነገር ይዞ መጣ።

ከመስጂዱ ጀርባ ሸማኔው ሁሉ ድሩን የሚዘረጋበት፣ ልጆች የሚሯሯጡበት፣ ሰው ሲሞት ጀናዛ የሚሰገድበት ሜዳ ነበር። የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ሐጂ በድሩ እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ አዳራሽ ይሠራ አለ። በየቤቱ የተበተነው የሽመና ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰብሰብ፤ ጎበዝ ጎበዙ ተመርጦ ከጎህ እስከ ምሽት ይሥራ፤ እጁ የዘገየው፣ ዓይኑ የደከመው ይረፍ። ወጪውን ግማሽ እኔ እችላለሁ፤ በዓመቱ የዛሬውን አሥር እጥፍ እንጭናለን አለ። የከተማው ገዢም የሸማኔዎቹ አለቃ ሸህ ጦይብ እሺ ካሉ ሜዳውን ለመስጠት ፈቅዷል።

ኑርሑሴን ደስታውን መደበቅ አቃተው። «አባ፣ አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው! ይህን ብንተው የላይኛው ከተማ ሰዎች ይቀድሙናል።»

«እረፍ የተባለውስ ምን ይበላል?» አሉ ሸህ ጦይብ።

«ከዘካችን ይበላል። አሥር እጥፍ ስናተርፍ ዘካችንም አሥር እጥፍ ይሆናል እኮ!»

የልጃቸው ነገር ስህተት አይመስልም፤ የሸህ ጦይብ ልብ ግን አልተቀበለውም። ሦስት ሌሊት ኢስቲኻራ፣ አላህ የሚበጀውን እንዲመርጥላቸው የሚጠይቁበትን ሶላት፣ ሰገዱ። በመጨረሻ ለሐጂ በድሩ «ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ የአስር ሶላት ሲያበቃ፣ መልሱን እሰጥሃለሁ። አዳራሽ የሚገባውንም ያን ጊዜ እንለያለን» አሉት። ይህች የኋለኛዋ ቃል ወዲያው በሰፈሩ ተሰማች። በዚያ ሳምንት ያ ሁሉ ሸማኔ እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ። ማን ይገባል? ማን ይቀራል? ወጣቱ አዛውንቱን፣ አዛውንቱ ወጣቱን በጎን ያይ ጀመር። ሸህ ጦይብን ያገኘ ሁሉ ከወትሮው በላይ አጎንብሶ ሰላም ይላቸው ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። ሐጂ በድሩ መንገደኛ ስለሆነ የቀትሩን ዙህርና አስሩን አንድ ላይ ሰግዶ ጨርሷል፤ በቅሎዎቹን አስሮ ከመስጂዱ ውጭ ጥላ ሥር ይጠብቃል። ውስጥ ይመር ሶላት መጀመሩን የሚያሳውቀውን ኢቃማ አለ፤ ሶፉ ሞላ። ከመጋረጃው ጀርባ ፈታይ ሴቶች ተሰለፉ። ሸህ ጦይብ እጃቸውን አንስተው «አላሁ አክበር» ብለው ተክቢራ አሉ።

እንግዲህ ኢማምም ሰው ነው። አካላቸው ቂብላ ፊት ቆሟል፤ ልባቸው ግን ሜዳው ላይ ነበር። ምሰሶው በየት ይቁም? ይመርን ምን አደርገዋለሁ? ዓይኑ ደክሟል፤ ክር ይበጥሳል። ላስገባው ብል ሌላው ምን ይለኛል? አንዱን ሩኩዕ እንዴት አጎንብሰው እንደወረዱ አላወቁም። የአስር ሶላት አራት ረከዓ፣ አራት ዙር ስግደት ነው። ከአራተኛው ረከዓ ሱጁድ፣ ግንባር መሬት ከነካ በኋላ፣ ቁጭ ብሎ አተህያቱ የሚባለውን ዱዓ አድርሶ ማሰላመት ነው። ሸህ ጦይብ ግን «አላሁ አክበር» ብለው ለአምስተኛው ተነሡ።

ከኋላቸው ያ ሁሉ ወንድ ብድግ አለ። የልብሱ ድምፅ ተሰማቸው።

ኢማም ሲሳሳት ከኋላ ያለው ወንድ «ሱብሓነላህ» ብሎ ድምፁን ያሰማዋል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ በመዳፏ የሌላውን እጇን ጀርባ መታ ታደርጋለች። ይህን በእኛ ዘንድ ልጅም ያውቀዋል። ከመጋረጃው ጀርባ ጧ የሚል ድምፅ መጣ። ሸህ ጦይብ ሰሙት። ለአፍታ ጠረጠሩ፤ ከዚያ ግን ‹ተሳስቼ ቢሆን ይህ ሁሉ ወንድ ዝም ይለኛል? አንዷ ዝንብ ስትመታ ነው› አሉ በልባቸው። እንደገና ጧ አለ። እሳቸው ግን ሩኩዕ ወረዱ። ሁሉም አብሮ ወረደ። ሱጁድ አደረጉ፣ ተቀመጡ፣ አተህያቱን ጨርሰው በቀኝና በግራ አሰላመቱ።

«ሸሁ፣ አፉ ይበሉኝ» አለ አንድ የሴት ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ። እመት ሲቲና ነበሩ። ባል ሞቶባቸው ልጅ የሚያሳድጉ፣ ከሸህ ጦይብ ቤት ጥጥ እየወሰዱ በመፍተል የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው በሸህ ጦይብ እጅ ያለው እንጀራ ቢቆጠር የእሳቸው ይበልጥ እንደሆን እንጂ አያንስም። «የዛሬው አስር አምስት ረከዓ ሆኗል። እኔ ተቀምጬ ነው የጠበቅኋችሁ።»

ኑርሑሴን ከፊተኛው ሶፍ ቀልጠፍ ብሎ፣ «እመት፣ ቆጠራው ተምታቶብዎት ይሆናል» አለ።

«ልጄ፣ እኔ ጋ አልተምታታም።»

ሸህ ጦይብ ወደ ጀመዓው ዞሩ። «ጀመዓ፣ ስንት ሰገድን?»

አንዱ አዲሱን ሰሌን በጣቱ ይነካካል። አንዱ ሳል መጣበት። የሁሉም ዓይን ወለሉ ላይ ነው።

«እኮ ስንት ሰገድን?»

ከመካከል አንድ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ሸሁ፣ እርስዎ ያሉት ነው» አለ።

«እኔ ያልኩት? ሶላት የእኔ ነው እንዴ? ኩታ መሰላችሁ?» የሸህ ጦይብ ድምፅ መስጂዱን ሞላው። ከዚያ ዝግ ብለው ከኋላቸው የተቀመጠውን ጓደኛቸውን አዩት። «ይመር፣ አላህ ቤት ውስጥ ነን። ስንት ሰገድን?»

«አምስት» አለ ይመር።

«ስነሣ አውቀሃል?»

«አውቄአለሁ።»

«ታዲያ ሱብሓነላህ አትለኝም?»

«ፈራሁህ» አለ ይመር። «አፌ ድረስ መጥታ ነበር፤ ዋጥኳት። ዓይኔ እንደደከመ ታውቃለህ፤ ዛሬ ደግሞ የምትለይበት ቀን ነው። በሰው ፊት አርሜህ ቅር ብትሰኝስ? ስድስት ነፍስ ነው የምታበላልኝ፣ ሸህዬ። ሌላው ሌላው ነገር አንተ ዘንድ ነው፤ ቢያንስ ሶላቱን አላህ ይቅር ይለኛል አልኩ።»

ሸህ ጦይብ መጠየቅ የሚፈሩትን ጥያቄ ጠየቁ።

«ዛሬ የመጀመሪያ ነው?»

«አይደለም» አለ ይመር። «በረጀብ ወርም አንድ ሌሊት፣ ሴቶቹ ሳይመጡ፣ የዒሻን ሶላት አምስት አሰግደኸን ነበር። ያኔም ተነሥተን ተከተልንህ። ቤታችን ገብተን ለየብቻችን ደገምን።»

ሸህ ጦይብ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ያ ሁሉ ሰው ሲፈራቸው፣ እሳቸው እንደተከበሩ ቆጥረውት ኖረዋል! በዓመታት ውስጥ ስንት ነገር አጥፍተው ይሆን? በደመወዝ፣ በጥጥ ክፍፍል፣ በንግግር፣ ስንቱ ‹ተሳስተዋል› ሊል አስቦ ዋጥ አድርጎት ይሆን? በሶላት እንዲህ የዋጠ በዱንያውማ ምን ያደርግ!

«ስሙኝ» አሉ ፊታቸውን ጠርገው። «እኔ ረስቼ ነው የተነሣሁት፤ የረሳ ሶላቱ በሱጁደ ሰህው፣ ለመርሳት በሚደረገው ሱጁድ፣ ይጠገናል። ትርፍ እንደሆነ አውቆ የተከተለኝ ግን ሶላቱ የለውም። እኔን ላለማስቀየም ብላችሁ ሶላታችሁን ሰጣችሁኝ። እኔ ምን ላደርግበት? ተነሡ፣ ድገሙ። ይመር ያሰግዳል።»

«እኔ?» አለ ይመር።

«አንተ። እኔም ከኋላህ ነኝ።»

ይመር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢማሙ ቦታ፣ ሚሕራቡ ፊት ቆመ። ሸህ ጦይብ ሁለተኛው ሶፍ ጠርዝ ላይ፣ ያ «እርስዎ ያሉት ነው» ያለው ጎልማሳ አጠገብ ቆሙ። ትከሻ ለትከሻ ሲነካኩ ጎልማሳው ሸሸት ሊል ሞከረ፤ እሳቸው ጠጋ አሉት። እንዲያ በሶፍ ውስጥ ቆመው ሰግደው ስለማያውቁ አዲስ ነገር ሆነባቸው። የይመር ድምፅ ተክቢራው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሶላቱ ግን አራት ነበር።

ሲወጡ ሐጂ በድሩ ሳቁን ይዞ ተቀበላቸው። «ዛሬስ አስረዘማችሁት! በሉ፣ ቢስሚላህ እንጀምር።»

«ሐጂ፣ አዳራሹ አይሠራም» አሉ ሸህ ጦይብ። የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሩት።

ሐጂ በድሩ የሰማውን ማመን አቃተው። «ስለ አንድ ረከዓ ብለው? ሸሁ፣ አላህ መሓሪ ነው! ሰው ሲከብር ይፈራል፤ ይህማ ወግ ነው። ሀብት ማሳደግ ሐራም ሆነ እንዴ?»

«ሐራም አልሆነም። ሶላትም እኮ ሐራም አይደለም፤ ከሥራ ሁሉ የበለጠው እሱ ነው። አምስተኛው ረከዓ ግን አራቱን ይዞ ይሄዳል። እኔ በሀብቱም አራቱን ጨርሼ ለአምስተኛው ከተነሣሁ ቆይቻለሁ፤ የነገረኝ አልነበረም።»

«ንግድ ካላደገ ይሞታል፣ ሸሁ። ዛሬ እዚህ ቢያቆሙት ነገ የላይኛው ከተማ ይወስደዋል።»

«ይውሰደው። የእነሱም ኢማም ሲሳሳት የሚያርመው አላህ ይስጠው።»

ኑርሑሴን ሲሰማ ቆይቶ ፊቱ ቀላ። «አባ፣ ማንን በደልን? ይህ ሁሉ ሰው በእኛ ጠግቦ አላደረም?»

«ጠግቧል ልጄ» አሉ። «ግን አፉን ይዞ ነው የጠገበው። ሰው አፉን ካልያዘ የማይጠግብበት ቤት ሲሆን፣ ቤቱ ልኩን አልፏል ማለት ነው።»

በሚቀጥለው ቀን ከጁምዓ በኋላ ሸህ ጦይብ የሽመና ዕቃውን ሁሉ ለየባለቤቱ መለሱ። «የዕቃውን ዋጋ በላባችሁ ከከፈላችሁኝ ዓመት አልፎታል» አሉ። መጋዘን ያለውን ጥጥም አካፈሉ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ እልል ያለ እንዳይመስላችሁ። ጉድ ፈላ እንጂ! ለራሱ መሥራት የረሳው ብዙ ነበር። «ይህን ጥጥ ስጨርስስ ከየት አመጣለሁ?» ያለ አለ። «ሸሁ ጃጁ» ያለ አለ። አንድ ሁለቱ ዕቃቸውን ሸጠው ወደ ላይኛው ከተማ ሄዱ፤ እዚያ አዳራሽ ተሠርቷል ተብሎ። ይመር ራሱ ማልዶ መጥቶ በር ላይ ቆመና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለአላህ ስትል ያደረግኸው ነገር እኔን በረሃብ እንዳይገድለኝ!» ብሎ ጮኸባቸው። ሸህ ጦይብ የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ክረምቱ ከባድ ነበር። የሁሉም እጅ አጠረ፤ የሸህ ጦይብ ጣሪያም ሲያፈስስ የሚያስጠግኑበት አልነበራቸውም። ኑርሑሴን ለወራት አባቱን በቅጡ አላናገረም። ኋላ ግን ቁጭ ብሎ ማየቱ አላስችለው አለና፣ ጥጡን ሰፈሩ ተዋጥቶ በጋራ እንዲያስመጣ አደረገ፤ ኩታውንም ከየቤቱ ተቀብሎ ገበያ እያወጣ ድርሻውን ይይዝ ጀመር። ዋጋ ያልተስማማው ሸማኔ ይከራከረዋል፣ አንዳንዴም ይሰድበዋል። ሐጂ በድሩም በዓመቱ መጣ። ትንሽ ገዛ፤ እንደ ቀድሞው አይደለም። ግን አንድ ነገር አስገረመው፤ ጥለቱ ሁሉ የተለያየ ነበር፤ አንዳንዱማ ያስቃል። «ይህን ማን ይገዛዋል?» ብሎ ትቶት ሊሄድ ሲል፣ እመት ሲቲና ከዚያ ማዶ «እርስዎ ካልገዙት እኛው እንለብሰዋለን» አሉት።

ከዚያ ወዲያ በአንድ ቀን ሸህ ጦይብ ዙህር ሲያሰግዱ እርጅናው አሸነፋቸው። አራተኛውን ጨርሰው በመቀመጥ ፈንታ ለመነሣት ጉልበታቸውን ሰበሰቡ። ገና ወገባቸው ሳይቃና «ሱብሓነላህ!» የሚል ድምፅ መስጂዱን አናወጠው። አንድ ሰው ቢል ይበቃ ነበር፤ የሶፉ ወንድ ሁሉ በአንድ አፍ ጮኸ፤ ከመጋረጃው ጀርባም እጅ ተመታ። ከሁሉ በላይ የጎላው ድምፅ የኑርሑሴን ነበር። ሸህ ጦይብ ቁጭ አሉ። አንዳንዶች ሆን ብለው ሊፈትኗቸው ነው የተነሡት ይላሉ፤ እኔ አላምንም። ያ ሰው በሶላት የሚጫወት ሰው አልነበረም።

አሰላምተው ሲዞሩ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ሰዉ መጮሁ አሳፍሮት አጎንብሷል። ሐጂ በድሩ በዚያ ቀን መስጂዱ ውስጥ ነበር፤ ሲወጡ ክንዳቸውን ይዞ፣ «ሸሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ያን ሁሉ ሀብት በመተውዎ አይቆጭዎትም?» አላቸው።

ሸህ ጦይብም እንዲህ አሉት፦ «ሀብቴ ሲያድግ ሰው አነሰብኝ። አሁን ሀብቴ አነሰና ሰው አለኝ።»

ወገኖቼ፣ ይህን ሰው ድህነትን የወደደ አድርጋችሁ እንዳትሰሙት። ሸህ ጦይብ ሪዝቅን፣ አላህ የሚሰጠውን ሲሳይ፣ አልጠሉም፤ ንግድንም አልኮነኑም፤ እስኪሞቱ ድረስ ሲሸምኑና ሲሸጡ ኖረዋል። የተገለጠላቸው መልካም ነገርም ልክ እንዳለው ነው። እኛ ዛሬ ልክ የሚባለውን ቃል ከንግድ ቤታችን አውጥተን ጥለነዋል። ካምናው ካልበለጠ ከሰርን እንላለን፤ አገርም ሰውም የሚመዘነው ስንት ጨመረ እየተባለ ነው። ይህ ሁሉ ጭማሪ ለማን ነው? እስከ የት ነው? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሥራ የሚያደናቅፍ ይባላል። ደመወዙን የሚፈራ ሠራተኛ ዝም ይላል። የተሟጠጠው መሬትና የደፈረሰው ወንዝማ መጀመሪያም አፍ የላቸውም። ዝምታው ሲበዛ እኛ ደግሞ ትክክል የሆንን ይመስለናል፤ ጭራሽ ሽልማት እንሰጣጣለን! ድንቄም ዕድገት።

አላህ ሸህ ጦይብን ይዘንላቸው። እናንተ ግን በቤታችሁም፣ በሱቃችሁም፣ በመሥሪያ ቤታችሁም ከፊት የቆማችሁ ሰዎች፣ ከኋላችሁ ያለው ዝም ሲል ተስማምቷል ብላችሁ አትለፉት። ዞር በሉና ምን እንዳስፈራው ጠይቁት።